ያለማመድኩት ልጅ አለቃዬ ሆነ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

37 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በ19 ዓመቴ ከእናቴ ጋር በዲቪ መጣሁ። ቀን ፓርኪንግ ካሸር ሆኜ እየሠራሁ፣ ማታ ማታ ተምሬ አካውንቲንግ ጨረስኩ። አሁን አንድ ትልቅ ኩባንያ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ነጭ ልጅ ተቀጠረ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልጠላውም። ሥራውን ያለማመድኩት እኔ ነኝ። አንድ ወር መዝጊያ ላይ 41,000 ዶላር አልገጥም ብሎን ሁሉም ሲሄድ እኔ ቀረሁ። እስከ ማታ አራት ሰዓት ኤክሴሉ ላይ አፍጥጬ አገኘሁት። አንድ የአቅራቢ ሂሳብ ሁለቴ ተመዝግቦ ነው። በነጋታው ሚቲንግ ላይ ልጁ "አገኘነው" ብሎ አቀረበው። "አገኘሁት" አላለም። ታዲያ ምን ብዬ ልናደድ?

በመጋቢት የማናጀር ቦታ ተከፈተ። አመለከትኩ፤ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። ለእሱ ሰጡት። ምን ጎደለኝ ብዬ ስጠይቅ ዳይሬክተሩ "በጣም ጎበዝ ነሽ፣ ትንሽ የአመራር ግርማ ሞገስ ግን ይቀርሻል" አለኝ። አክሰንቴን ነው? ጸጉሬን ነው? እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ለገናና ለፋሲካ ሳምቡሳ እወስድላቸዋለሁ፣ ሁሉም ይወዱኛል። እንዲያውም አንዲት የኦዲት ምክትል ፕሬዚዳንት አንዴ የሠራሁትን ሪፖርት አይታ "ይህን ማን ሠራው?" ብላ ጠይቃ በኢሜይል አመስግናኛለች።

አሁን ደግሞ ኤችአር ጠራኝ። ኩባንያው ስለ "ዊሜን ኦፍ ከለር"፣ ነጭ ስላልሆኑ ሴቶች ማለት ነው፣ ጥናት ሊያስጠና ነው አሉኝ። ቃለ መጠይቅ ስጪ፣ የሴቶቹንም ቡድን ምሪልን ይላሉ። በትርፍ ጊዜዬ ነው፣ ክፍያም የለውም። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴን "ከለር" ብዬ አስቤ አላውቅም። ሐበሻ ነኝ። ባለቤቴ "የቤቱ ብድር አለብን፣ እንጀራሽ ላይ አትቁሚ" ይለኛል። እናቴ "በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም" ትላለች። እኔ ግን ሰኞ ጠዋት ከመኪናዬ መውረድ እያቃተኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?

ትዕግሥት ያለቀባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣

እንዲህ ብለሽ ስለፈረምሽ ትዕግሥት ብዬ ልጥራሽ። ዘጠኝ ዓመት የቻለን ሰው ትዕግሥት የለሽም ለማለት ግን ይከብደኛል።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ያቺ "አገኘነው" የምትለው ቃል ናት አልወጣ ያለችኝ። ስድብ አይደለችም። ሌብነት ናት ለማለትም አይቻልም። በጨዋ ደንብ የተነገረች ቃል ስለሆነች ለሰው ስታወሪው "ታዲያ ምን አለበት?" ይልሻል። ዳይሬክተሩ ግን ያን ዕለት የሰማው የአንድ ሰው ድምፅ ነው። 41,000 ዶላሩን ከልጁ ፊት ጋር አያይዞ አስቀመጠው። መጋቢት ላይ ቦታው ሲከፈት ማን ትዝ ይለዋል?

ልጠይቅሽ፣ ሚቲንጉ ላይ ነበርሽ? ከነበርሽ ምን አልሽ? እንደምገምተው ፈገግ ብለሽ ዝም አልሽ። እኔም ብሆን ዝም ነው የምለው። በእኛ ቤት "እኔ ነኝ ያገኘሁት" ማለት ጉራ ነው። ሥራችን ይናገር እንላለን። ግን "እኔ ነኝ" ሳይሉ መናገርም አለ። "ትናንት ማታ ሳየው ችግሩ ከየት እንደመጣ ላስረዳ። አንድ ሂሳብ ሁለቴ ገብቶ ነው። እንዳይደገም ይህንን ማጣሪያ ጨምሬበታለሁ።" ይኸው ነው። ጉራ የለበትም፣ ልጁንም አያሳፍርም። ሥራው የማን እንደሆነ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ስለ ሳምቡሳው ስታነሺ ሳቅኩ፣ ይቅር በይኝ። አትተዪው። ግን ሳምቡሳሽን ያውቁታል፣ ቁጥርሽን አያውቁትም። መወደድና መታጨት ይለያያሉ።

"እኔ ላይ ያለ ጉድለት ይሆን?" የሚለው ጥያቄ በደብዳቤሽ ውስጥ ሳትጽፊው ተጽፏል። ስለዚህ ጥቂት ቁጥር ልንገርሽ፤ ሙያሽም ነው። ማኪንዚ የተባለው አማካሪ ድርጅትና ሊን ኢን የተባለው የሴቶች ድርጅት ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ ኩባንያዎች ውስጥ ያሉ ሴቶችን በየዓመቱ ያጠናሉ። በ2023ቱ ጥናት፣ 100 ወንዶች ከመነሻ ሥራ ወደ ማናጀርነት ሲያድጉ ያደጉት ሴቶች 87 ነበሩ። ነጭ ያልሆኑት ሴቶች ለብቻ ሲታዩ 73። ጥቁር ሴቶች ለብቻ ሲታዩ 54። አጥኚዎቹ መሰላሉ ገና የመጀመሪያው እርከን ላይ ተሰብሯል ይላሉ። አንቺም ሁለቴ የወደቅሽው እዚያችው እርከን ላይ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። ያ 54 ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2021፣ 96 ደርሶ ነበር። ኩባንያዎች ከጆርጅ ፍሎይድ ግድያ በኋላ ነገሩን አተኩረው ባዩበት ሰሞን ማለት ነው። የጥቁር ሴቶች ችሎታ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ይወርዳል? አይወርድም። የወረደው የሚያያቸው ዓይን ነው። እና ትዕግሥት፣ ያቺን "ምን ጎደለኝ" የምትለውን ጥያቄ ለጊዜው መኪና ውስጥ ትተሻት ውረጂ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ካታሊስት የሚባል ድርጅት አለ፤ ከ1962 ጀምሮ የሴቶችን የሥራ ዕድገት ሲያጠና የኖረ ነው። በ1999 ኩባንያ ውስጥ የሚሠሩ ነጭ ያልሆኑ ሴቶችን አነጋግሮ ሪፖርት አወጣ። ስለ ነጭ ሴቶች ሲወራ ዕድገታቸውን የሚያግደው ነገር "የመስታወት ጣሪያ" ይባላል፤ ቢያንስ ከላይ ያለው ይታያል። እነዚህኞቹ ሴቶች ግን የእኛስ ኮንክሪት ነው አሉ። ምን አገዳችሁ ሲባሉ ትምህርት ወይም ችሎታ አላሉም። ትልቅ ቦታ ላይ ያለ፣ ስማችንን የሚያነሳልን ሰው የለንም አሉ። ከሥራ ውጭ ባለው መቀራረብ ውስጥ የለንበትም፣ ዓይን የሚስብ ሥራም አይሰጠንም አሉ።

ስም የሚያነሳ ሰው የሚለው ላይ እንቁም። ይህንን ከእኛ በላይ ማን ያውቀዋል? አገራችን ላይ ሙሽራው ራሱ የልጅቷ አባት ቤት ሄዶ "ልጅዎን ይስጡኝ" አይልም። ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ቆመው የልጁን ዘር፣ ጠባይና ሙያ ያወራሉ። ልጁ እዚያ የለም። ፕሮሞሽንም የሚወሰነው እንደዚያው ነው። አንቺ በሌለሽበት ክፍል፣ በሩ ተዘግቶ። የዚያን ቀን "ማነው ለዚህ ቦታ የሚሆነው?" ሲባል ስለ ልጁ የተናገረ ሰው ነበረ። ስለ አንቺ ማን ተናገረ?

መካሪ ብዙ ይኖርሻል። ቡና ጋብዞ "ኮርስ ውሰጂ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ" የሚል ሰው አይጠፋም። ሽማግሌ ግን ሌላ ነው። ለአንቺ ብሎ የራሱን ስም ያስይዛል።

ኧርሱላ በርንስን ታውቂያት ይሆናል። ኒውዮርክ፣ ሎወር ኢስት ሳይድ፣ ብቻዋን ልጆች በምታሳድግ እናት እጅ ያደገች ናት። ፎቶኮፒ ማሽን የሚሠራው ዜሮክስ የገባችው በ1980 ለክረምት ልምምድ ነው። ዓመታት ሠርታ አንድ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው፣ ነጭ ያልሆኑ ሰዎችን መቅጠር ደረጃችንን ዝቅ አያደርግም ወይ የሚል ዓይነት ጥያቄ አነሳ። ዌይላንድ ሂክስ የተባለው ትልቅ ኃላፊ በትዕግሥት መለሰለት። በርንስ ግን ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እንዴት መልስ ትሰጣለህ ብላ ሰው ሁሉ እየሰማ ተጋፈጠችው። ያለቀላት መስሏት ነበር። ሰውየው ጠርቶ አነጋገራት፣ ውሎ አድሮም ልዩ ረዳቱ አደረጋት። ቀጥሎ የኩባንያው የበላይ ፖል አሌር ለራሱ ወሰዳት። ትልልቁ ውሳኔ የሚወሰንበት ክፍል ውስጥ ገባች፣ ሰውም አወቃት። በ2009 የዜሮክስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነች። ከአሜሪካ 500 ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱን የመራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት።

ይህንን የነገርኩሽ ነገ ሚቲንግ ላይ ተነስተሽ ዳይሬክተሩን አፋጥጪው ለማለት አይደለም። የእሷ ጠባይ የእሷ ነው። ኢንጂነርነቷ የታወቀ ነበር፤ ግን በሩን የከፈተላት ከላይ ያለ ሰው "ይቺን ልጅ ወደ እኔ አምጡ" ማለቱ ነው።

አንቺስ ጋ ማን አለ? ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ሰው አየሁ፣ አንቺ ዝም ብለሽ አለፍሻት። "ይህን ማን ሠራው?" ብላ የጠየቀች ምክትል ፕሬዚዳንት! ትልቅ ሰው ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ የሚጠይቅ ይመስልሻል? ያ ኢሜይል ዛሬም አለ? ፈልጊው። ያን ሪፖርት ተከትሎ የተሻሻለ ነገር ካለ በሁለት መስመር ጻፊላት፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ጠይቂያት። የመጀመሪያው ቀን "አሳድጉኝ" አትበያት፤ ሽማግሌም በአንድ ቀን አይላክም። ስለ ሥራዋ ጠይቂያት። ከክፍልሽ ውጭ ሰው የሚያጡበት ከባድ ሥራ ካለ መግባት እንደምትፈልጊ ንገሪያት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጊዜ ግልጽ አድርጊው፦ "ማናጀር መሆን እፈልጋለሁ። ቦታ ሲከፈት ስሜን ለማንሳት እንዲመችዎት ከእኔ ምን ማየት ይፈልጋሉ?" አማርኛው ከበደ አይደል? እንግሊዝኛው ይቀላል፤ እነሱ ዘንድ ነውር አይደለም።

ከሥራ በኋላ ቢራ መጠጣት የግድ ነው የሚሉሽ ካሉ አትስሚያቸው። ረቡዕ ይጾማል፣ ልጅም ይመለሳል። ጠዋት ቡና አለ።

ዳይሬክተሩን ደግሞ እንደገና ሄደሽ አነጋግሪው። "ግርማ ሞገስ" መልስ አይደለም። ሰው የማይናገረውን ነገር የሚሸፍንበት ጋቢ ነው፤ አንዳንዴም ተናጋሪው ራሱ ምን እንደሸፈነ አያውቅም። እንዲህ ብትይውስ፦ "የነገርከኝን አስቤበታለሁ፤ ግን ላሻሽለው የምችል እንዲሆን ምሳሌ ስጠኝ። መቼ ነው ያየኸው? የትኛው ሚቲንግ ላይ? በስድስት ወር ውስጥ ምን ሠርቼ ባሳይህ ዝግጁ ናት ትላለህ?" ከዚያ አፍሽን ዝጊ። ዝምታው ይጨንቅሻል፣ አትሙዪው። እናትሽ ያሉት ተረት የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። ስትወጪ ያንኑ ቀን "ባወራነው መሠረት" ብለሽ የተናገረውን በኢሜይል ላኪለት። ምሳሌ ካመጣ ትሠሪበታለሽ። ካላመጣ ደግሞ እሱም ራሱ መልስ ነው፤ እኔ እንዲያውም ከሁለቱ ይኼኛው ይበልጥ ይነግርሻል እላለሁ።

እናትሽን አክብረሽ አንድ ነገር ብቻ በያቸው፤ እዚያው ተረታችን ውስጥ "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" የሚልም አለ።

አሁን ስለ ጥናቱ። "ሐበሻ ነኝ" ያልሽው ገብቶኛል። እኔም ይህን አገር ስረግጥ ሰው "ብላክ" ሲለኝ ዞር ብዬ ሌላ ሰው ፈልጌያለሁ። ነገር ግን "ዊሜን ኦፍ ከለር" የዘር ስም አይደለም። ሎሬታ ሮስ የተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት የመብት ታጋይ እንደምትተርከው፣ በ1977 ሂዩስተን በተደረገው ብሔራዊ የሴቶች ጉባኤ ላይ ጥቁር ሴቶች የራሳቸውን ሰነድ ይዘው ሄዱ። የሄዱትም ከዚሁ ከዋሽንግተን ነው። ሌሎቹ ነጭ ያልሆኑ ሴቶች እኛም እንግባበት አሉ፤ ሁሉንም የሚይዝ ስም አስፈለገና ይኼ ተገኘ። እንደ ማኅበር ቁጠሪው። ሐበሻነትሽን አያስወልቅሽም።

ለብቻ መቆጠሩም ምክንያት አለው። ሴንት ሉዊስ ውስጥ አምስት ጥቁር ሴቶች የመኪና አምራቹን ጄኔራል ሞተርስን ከሰሱ። ኩባንያው ከ1964 በፊት ጥቁር ሴት ቀጥሮ አያውቅም ነበር። ሠራተኛ ሲቀነስ ደግሞ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል ተባለና እነሱ ወጡ። ፍርድ ቤቱ በ1976 ወይ በሴትነት ወይ በጥቁርነት ክሰሱ እንጂ ሁለቱን ቀላቅላችሁ አትምጡ አላቸው። ሴትማ ቀጥሯል፣ ነጮቹን፣ ቢሮ ውስጥ። ኪምበርሊ ክሬንሾ የተባለችው የሕግ ምሁር በ1989 ባሳተመችው ጽሑፍ ይህን ፍርድ አንስታ ነው በሁለቱ መሀል የሚወድቁት ሴቶች አይታዩም ያለችው። አንቺም ኤችአር "ሴቶች እያደጉ ነው" ብሎ ቁጥር ሲያሳይሽ ማን ማን እንደሆኑ ቆጥረሽ ይሆናል።

ስለዚህ ቃለ መጠይቁን እኔ ብሆን እሰጣለሁ፣ ግን ጠይቄ። የሚጠይቀኝ የኩባንያው ሰው ነው ወይስ የውጭ አጥኚ? የተናገርኩትን ከነስሜ የሚያየው ማነው? ክፍልሽ ውስጥ ጥቁር ሴት ሁለት ብቻ ከሆናችሁ "ስም አይጻፍም" የሚለው ቃል ብዙም አይሸፍንሽም። "ፋይናንስ፣ ዘጠኝ ዓመት፣ ኢትዮጵያዊት" ከተባለ ስምሽ ተጠርቷል። ውጤቱስ መቼ ይገለጻል፣ ከዚያ በኋላስ ማን ምን ያደርጋል? ይህን ሊመልሱ ካልቻሉ፣ መልስሽን አጠር አድርገሽ ስጪ።

ቡድኑን መምራቱን ግን እንዲሁ አትቀበዪው። የነጻ ሥራ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ እንቢ ለማይል ሰው ነው። በሳምንት ስንት ሰዓት ከሥራዬ ይቀነስልኛል? በጀት አለው? በዓመቱ ግምገማዬ ላይ ይጻፋል? ከላይ ያለ የትኛው ኃላፊ ነው ቡድኑን የሚደግፈው፣ እኔስ ከእሱ ጋር በየወሩ እገናኛለሁ? የመጨረሻውን አዎ ካሉሽ አስቢበት፤ ሌላ ሽማግሌ ሊሆንሽ ይችላል። ሁሉንም እንቢ ካሉ በፈገግታ "ዘንድሮ አይመቸኝም" በያቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ላይ ዘር አይታይ ብሎ ከወሰነ ወዲህ፣ በተለይ ደግሞ ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ብዙ ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ቀንሰዋል፣ አንዳንዶቹም ስሙን ቀይረውታል። ከርሞ ለሌለ ነገር ማታሽን አትስጪ።

ባለቤትሽ የሚያስበው ስለ ቤቱ ብድር ነው፤ ክፋት የለውም። ዕቅድሽን ስታስረጂው "ልጣላ ነው" ሳይሆን "ልጠይቅ ነው" በዪው። ነገሩ ወደ ክርክር ከሄደም ሕግ አለ። ሜሪላንድ ውስጥ በዘር ወይም በጾታ አድልዎ ደርሶብኛል የሚል ሠራተኛ ለፌዴራሉ የሥራ እኩልነት ኮሚሽን ለማመልከት 300 ቀን አለው። ቀኑ የሚቆጠረው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ነው፤ የመጋቢቱ እየሄደ ነው ማለት ነው። ክሰሺ አላልኩሽም። የሥራ ጉዳይ ጠበቃ አንድ ሰዓት ማማከር ግን መክሰስ አይደለም። እስከዚያው ቀኑን፣ የተባለውንና የነበረውን ሰው ደብተር ላይ ጻፊ። ቤት በሚቀመጥ ደብተር እንጂ በቢሮው ኮምፒውተር አይሁን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ። ማናጀር መሆን ትፈልጊያለሽ? ወይስ የፈለግሽው "ያን ማታ ያገኘችው እሷ ናት" መባሉን ነው? ሁለቱም ተገቢ ነው፣ መንገዳቸው ግን አንድ አይደለም። ሰው ማስተዳደር የሰው ኩርፊያ መሸከም ነው፤ ቁጥር የሚወድ ሰው ሁሉ አይወደውም። የሚከፈለውን ለማወቅም መገመት የለብሽም። ሜሪላንድ ውስጥ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ቀጣሪ ክፍት ቦታ ሲያወጣ፣ የውስጥ ማስታወቂያም ቢሆን፣ የደመወዙን መነሻና ጣሪያ መጻፍ አለበት። የጎረቤት ኩባንያዎቹንም ማስታወቂያ እያየሽ ዋጋሽን አጥኚ። ስድስት ወር ለራስሽ ስጪ፤ በስድስት ወሩ ምንም ካልተነቃነቀ ሲቪሽ ተዘጋጅቶ ይቆይሽ። እኔ አንድ ቢሮ ውስጥ "ትንሽ ልይ" እያልኩ አራት ዓመት ጨምሬ ቆይቻለሁ። የሚቆጨኝ መውጣቴ አይደለም።

ለጊዜው ግን ያቺን የኦዲት ሴትዮ። ዛሬ ማታ ኢሜይሉን ፈልጊው፣ ነገ ጠዋት ሁለቱን መስመር ላኪላት። ቀጠሮ ከሰጠችሽ ያን ሪፖርትና የ41,000 ዶላሩን ታሪክ ይዘሽ ግቢ። ሳምቡሳውን ለዚያን ቀን ቤት ተዪው።